ወልዶ የመራው እንግዳ

የጎጃም ልጅ ሆኖ ግሽ ዐባይን በስም የማያውቅ አለ ቢባል ማን ያምናል? በዘፈን እንሰማዋለን፤ በቀረርቶ ይጠራል፤ በጂኦግራፊ ደብተራችንም ከጣና በስተደቡብ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ተሥሎ ይገኛል። «ሄዳችሁ አይታችሁታል ወይ?» ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ ለዓመታት ተቀምጦ፣ ማልዶ ለተነሣ ሰው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታየውን ምንጭ ሳያይ ዲግሪውን ይዞ የሚወጣው ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም «ግሽ ዐባይን ማን አገኘው?» የሚለው የቆየ ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ መንገዱን ያሳየው ሰው ስም ለምን ወደ ኋላ ይቀራል የሚል ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

ጥያቄውን ያመጣብን አንድ ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት መንገዱን ከማክበዱ በፊት፣ እኛ አሥራ አራት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ ሚኒባስ ተከራይተንና አንድ አስጎብኚ ይዘን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከደብረ ማርቆስ ተነሣን። አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን እያለፍን ቡሬ ስንደርስ ነጋ። ቡሬ ላይ አስጎብኚያችን «ቁርስ ብሉ፣ ወደፊት ምግብ የለም» አለን። ግማሻችን በላን። ግማሻችን ደግሞ መዋጮው ኪሱን ስላራቆተው፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሌላው ሲበላ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ከጢሊሊ በኋላ አስፋልቱን ትተን በአቧራው ወደ ሰከላ ወጣን።

ምንጩ በአጥር የተከለለ ነው። በሩ ላይ ያሉት ጠባቂ ቲኬትም መታወቂያም አልጠየቁንም። የጠየቁን «እህል የቀመሰ አለ?» ብለው ነው። ጠበል ነውና የበላ ሰው አይገባም። አስጎብኚው ይህን ሥርዓት ቡሬ ላይ ሳይነግረን እዚህ በር ላይ ሊከራከር ቃጣው። «አባ፣ እነዚህ እኮ ተማሪዎች ናቸው፤ ከሩቅ ነው የመጡት» ቢላቸው፣ «ተማሪ ሆድ የለውም እንዴ?» አሉት። በዚህ ዓይነት ገንዘብ ያልነበረው ገባ፤ ገንዘብ የነበረው ውጭ ቀረ። ድህነት ለተማሪ ሲጠቅም ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

አስጎብኚው ውጭ ለቀረነው ማካካሻ ይሆን ዘንድ ማብራሪያውን እዚያው ጀመረ። «ይህን ምንጭ ያገኘው ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ነው፤ ዘመኑም 1770 ነው» አለ። አጠገባችን ጀሪካናቸውን ሞልተው አረፍ ያሉ አንዲት እናት ነበሩ። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ጠፍቶ ነበር እንዴ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ሁላችንም ሣቅን፤ እሱም ሣቀ። ሴትዮዋ ግን አልሣቁም፤ የምራቸውን ነበር የጠየቁት።

ኧረ መቼ ጠፍቶ! ሰከላ የአገው ምድር በነበረበት ዘመን ምንጩ ጠባቂም ካህንም ነበረው። ከዚያም ወዲህ የክርስትናው ትውፊት ተጨመረበት። በአካባቢው እንደሚነገረው አቡነ ዘርአ ብሩክ የንጉሥ ወታደሮች በያዟቸው ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱም ውኃው አንዲት ቅጠል ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። የኦሪት ዘፍጥረቱ ግዮን ይኸው ነው የሚለውም እምነት በሰፊው የታወቀ ነው። አንዱ እምነት በሌላው ላይ ሲደራረብ ውኃው ያው ውኃ ሆኖ ኖሯል።

አሁን ወደ «አግኚዎቹ» እንምጣ። በጽሑፍ ከተመዘገቡት አውሮፓውያን ቀዳሚው ብሩስ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ተወላጅ ኢየሱሳዊ ሚያዝያ 21 ቀን 1618፣ በእኛ 1610 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ግሽን አይቷል። ሁለቱን የምንጭ ዐይኖች ለክቷል፤ ጥልቀታቸውን በጦር እንጨት ሞክሯል። ቂሮስና ካምቢስስ፣ ታላቁ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ሊያዩት ተመኝተው ያላዩትን በማየቱ መደሰቱንም ጽፏል። እኛን የሚገርመን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩ የሆነበት አኳኋን ነው። ፓኤዝ ብቻውን የሚባዝን አሳሽ አልነበረም። ንጉሡ አገራቸውን በሚዞሩበት ጉዞ ተከትሎ የሄደ እንግዳ ነው። ንጉሡ መንገዱን ያውቁታል፤ ወታደሩ ያውቀዋል፤ ባላገሩም ከሁሉ ይልቅ ያውቀዋል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማያውቀው ፓኤዝ ነው፤ «አየሁ» ብሎ የጻፈው ግን እሱ ነውና ታሪኩ የሱ ሆነ። ሌላው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ምንጩ ጽፏል።

ብሩስ የመጣው ከዚህ አንድ መቶ አምሳ ዓመት በኋላ ነው። የሱን ጉዞ ዘርዘር አድርገን ማየት ይገባናል፤ ምክንያቱም መሪው ማን እንደ ነበር የምናውቀው ከራሱ ከብሩስ መጽሐፍ ስለ ሆነ ነው።

ዘመኑ ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ላይ ነገሥታትን የሚያነሡበትና የሚጥሉበት ጊዜ ነበር። ዙፋኑ ላይ ያሉት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ብሩስ በቤተ መንግሥቱ በሕክምናም በፈረስ ግልቢያም ተወድዶ ስለ ነበር፣ ግሽን እንደ ጉልት እስከ መቀበል ደርሷል። ይሁን እንጂ ጎንደር ላይ የተሰጠ ጉልት ዳሞት ላይ ብዙም አይሠራም። የዳሞትና የአገው ጌታ ፋሲል ነበር። ብሩስ ወደሱ ቀርቦ መለመን ግድ ሆነበት። ፋሲል መጀመሪያ አላገጠበት፤ በኋላ ግን ልቡ ራራና ሁለት ነገር ሰጠው። አንደኛው የራሱ ፈረስ ነው። «ኮርቻውንና ልጓሙን እንደ ጫነ ከፊትህ ይነዳ፤ የኔ መሆኑን ያየ አይነካህም» አለው። ሁለተኛው ሰው ነው፤ ከአሽከሮቹ አንዱ የሆነ፣ ወልዶ የሚባል። እንግዲህ የግሽ ዐባይ «አግኚ» ከፊቱ ባዶ ፈረስ፣ ከጎኑ ወልዶ ይዞ የሄደ ሰው ነው። የይለፍ ወረቀት በሌለበት አገር የፋሲል ፈረስ የይለፍ ወረቀት ነበር።

ብሩስ ወልዶን ብልህ ግን ስስታም አድርጎ ነው የሣለው። ወደ ግሽ ሲቃረቡ ወልዶ ታመምኩ እያለ ወደ ኋላ መቅረት አበዛ። ብሩስ ነገሩ ገባው፤ ወልዶ የፈለገው ሽጉጦቹ የተሻጡበትን ቀይ የሐር መታጠቂያውን ነው። ፈትቶ ሰጠው፤ በሽታውም ወዲያው ለቀቀው። አንባቢው እዚህ ላይ እንዲሥቅ ታስቦ ነው የተጻፈው፤ እኛም መጀመሪያ ሥቀናል። ቆየት ብለን ስናስበው ግን ወልዶ የጠየቀው ደመወዙን ነው። ጌታው አዘዘው እንጂ ማንም አልከፈለውም፤ ጦርነት ባለበት አገር አንድ ፈረንጅ ከነጓዙ በደኅና አድርሶ መመለስ ደግሞ ጨዋታ አይደለም። አሁንም ቢሆን የቀን አበሉን ያላገኘ አስጎብኚ ወገቤን አመመኝ ቢል አይፈረድበትም።

ኅዳር 4 ቀን 1770 (በእኛ ጥቅምት 1763 ዓ.ም.) ከኮረብታው ላይ ሆኖ፣ በረግረጉ መካከል ያለችውን በለምለም ሣር የተሸፈነች ጉብታ በጣቱ ያሳየው ወልዶ ነው። ምንጮቹ እዚያች ላይ ናቸው ያለው እሱ ነው። የቦታው ሰዎች ለውኃው ታላቅ ክብር አላቸውና ጫማህን አውልቅ ብሎ ያስጠነቀቀውም እሱ ነው። ብሩስ ጫማውን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ፤ ሲሮጥም ሁለት ጊዜ ወድቋል። ከዚያ ከምንጩ ቀድቶ በኮኮነት ቅርፊት ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። ይህን ሁሉ ራሱ ጽፎታል፤ ወልዶንም በስሙ ጠርቶታል። ስለዚህ ስሙን የደበቀው ብሩስ ነው ማለት አንችልም። ስሙ የጠፋው ከብሩስ በኋላ ነው፤ መጽሐፉን ባሳጠሩት፣ ባሳጠሩት ላይ በተመሠረቱት፣ ከነሱም በተቀዱት የመንገደኛ መምሪያዎች ውስጥ። አምስቱ ጥራዝ ወደ አንድ ገጽ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚወጣው አሽከሩ ነው።

ግሽ ላይ ብሩስ ያረፈው «ክፍለ ዐባይ» በሚባሉት ሽማግሌ ዘንድ ነው። እኒህ ሰው የቀበሌው ሹምም የምንጩ ካህንም ነበሩ፤ ስማቸው ራሱ የዐባይ አገልጋይ እንደ ማለት መሆኑን ብሩስ ይነግረናል። በየዓመቱ የውሻ ኮከብ የሚባለው ስትወጣ አገዎቹ ተሰብስበው ጥቁር ጊደር እንደሚሠዉም ከሳቸው ሰምቶ ጽፏል። ሽማግሌው ስለ ምንጩ የነገሩትን ያህል ሌላ ማንም አልነገረውም። በእኛ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ኖሮ ዋናው መረጃ ሰጪ ተብለው በምስጋናው ገጽ ላይ ይገቡ ነበር።

ብሩስ ዝም ያለው ስለ ሌላ ሰው ነው። ከሱ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ነበር፤ ግሽ ድረስ አብሮ ሄዷል፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞቷል። በ1790 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ግን ምንጩ ዘንድ ባሉጋኒ የለም። ፓኤዝንም ቢሆን ብሩስ ግሽን አላየም ብሎ ብዙ ገጽ አጥፍቶ ተከራክሮበታል። ከነገሩ እንደምንረዳው ብሩስን ያሰጋው ፈረንጅ ተቀናቃኝ እንጂ ወልዶ አልነበረም። ወልዶን በስሙ ለመጥራት ያልፈራው፣ አሽከር «አገኘሁ» ሊል ይችላል ብሎ ስላልጠረጠረ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዳይባል፣ የነጭ ዐባይን መነሻ ፍለጋ እንመልከት። በ1862 ጆን ስፒክ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣውን ወንዝ ሲያይ በጉዞው አብሮት የነበረው ሲዲ ሙባረክ ቦምቤይ፣ በልጅነቱ በባርነት ወደ ሕንድ የተሸጠ አፍሪካዊ ነበር። የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የብር ሜዳልያ ሰጥቶታል። ለስፒክ ወርቅ፣ ለቦምቤይ ብር። ቢሆንም ከቀይ መታጠቂያ ይሻላል።

ይህ ነገር ውኃውን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩንም ነክቶታል። በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር መርጡለ ማርያም አለ፤ መርጡል በግእዝ አዳራሽ ማለት ነው። ከዛሬው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጣራው የወደቀ፣ ግንቡ የቆመ ፍራሽ ይታያል፤ በድንጋዩ ላይ የተጠረበው አበባና ገመድ መሰል ሐረግ አሁንም አልደበዘዘም። የቦታው አባቶች ነገሩን ከአብርሃና አጽብሓ ይጀምራሉ። በታሪክ ጽሑፍ በርግጥ የሚታወቀው ደግሞ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ በዚያ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ማሳነጽዋ ነው። እሌኒ የሐድያው ገዥ ልጅ ነበረች። ለሕፃኑ ልብነ ድንግል አገር ያስተዳደረችና ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ አድርጋ ወደ ፖርቱጋል የላከች ብልህ ሴት ነች፤ ማቴዎስም በ1514 ሊዝበን ደርሷል። ቤተ ክርስቲያኑ በግራኝ አሕመድ ዘመን ተቃጠለ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን አደሱት፤ እነሱም በዐፄ ፋሲለደስ ከአገር ወጡ።

አሁን አንድ አስጎብኚ ይዘህ ሂድና «ይህን ማን ሠራው?» ብለህ ጠይቅ። ከአሥሩ ምን ያህሉ «ፖርቱጋሎች» እንደሚልህ ገምት። ጢስ ዐባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም በሱስንዮስ ትእዛዝ ተሠርቶ ሲያበቃ ስሙ «የፖርቱጋል ድልድይ» ነው። ፖርቱጋሎች በኖራውም በጠረባውም እጃቸው የለበትም አንልም። ነገር ግን ያዘዘው፣ የከፈለውና ድንጋዩን የተሸከመው ከስሙ ውስጥ የሉም።

ታዲያ አስጎብኚው ይህን ከየት አመጣው? እሱን ብቻ መውቀስ አይገባም። የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በእነ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አማካይነት በ1960ዎቹ ሲቋቋምና «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር ሲወጣ፣ የሚጠበቀው እንግዳ ከውጭ የሚመጣ ነበር። ታሪካዊው መስመር የተባለው አኵስምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ሲያያይዝ የደብረ ማርቆስን ደጋ በመስኮት አሳይቶ ነው ያለፈው። ማብራሪያውም ለደንበኛው ተሰፋ። እንግሊዙ ስለ ብሩስ፣ ፖርቱጋሉ ስለ ፖርቱጋል ቢሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስ ያለው ደግሞ ጉርሻ ይሰጣል። ዛሬ ደንበኛው ጭብጦውን ይዞ የሚመጣ የአገር ልጅ ሆኖ ሳለ ማብራሪያው አልተለወጠም። የአባትን ኮት ለልጅ ሳያሳጥሩ እንደ ማልበስ ነው።

በሌላው ዓለም ጫፍም ተመሳሳይ ነገር አለ። በሜክሲኮ የዩካታን ልሳነ ምድር ሰሜኑ ክፍል ወንዝ የለውም፤ አገሩ የኖራ ድንጋይ ነውና ዝናቡ ወደ ታች ሰርጎ በዋሻ ውስጥ ይሄዳል። የዋሻው ጣራ በወደቀበት ቦታ ጥልቅ ኵሬ ይፈጠራል፤ ማያዎች ጾኖት ይሉታል፤ ስፔኖች ሴኖቴ አሉት። የጥንቶቹ ማያዎች ከተማቸውን የቆረቆሩት በነዚህ ውኃዎች ዙሪያ ነው። የታወቀችው ቺቼን ኢጻ ስምዋ ራሱ በኢጻዎች ጕድጓድ አፍ ላይ እንደ ማለት ነው። ወደዚያ ጕድጓድ ወርቅና ዕጣን፣ አንዳንዴም ሰው ለመሥዋዕት ይጣልበት ነበር። ኤድዋርድ ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ ቆንስል በ1894 ፍራሹ ያለበትን ርስት ገዛና ከ1904 ጀምሮ ጕድጓዱን በማሽን እያስጨለፈ ያገኘውን ወደ ሐርቫርድ ቤተ መዘክር ላከ። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ለሜክሲኮ የተመለሰው በ1970 ነው። ዛሬ ከባሕሩ ዳር ከተሞች በአውቶቡስ የሚመጣው ጎብኚ ከጧቱ ፍራሹን ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ ሴኖቴዎች በአንዱ ይዋኛል። ከመግባቱ በፊት የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን በሻወር እንዲያጥብ ይታዘዛል። ውኃውን እንዳያበላሽ ነው።

ሁለቱን በሮች ጎን ለጎን ብናያቸው ልዩነቱ ይታያል። እዚያ ጎብኚው ከመግባቱ በፊት ቆዳውን ይታጠባል፤ ግሽ ላይ ሆዱን ባዶ ያደርጋል። ሁለቱም ውኃውን ለማክበር ነው። ይሁንና የዩካታኑን ሥርዓት ያወጣው ለቱሪስቱ የተሰናዳ አስተዳደር ሲሆን፣ የግሹ ግን ጎብኚ የሚባል ሳይታሰብ የነበረ፣ ለማንም ደንበኛ ሲባል ያልተለወጠ ነው። በሩ ላይ የነበሩት አባት «ሆድ የለውም እንዴ?» ያሉን ያን ጊዜ አናደደን እንጂ፣ ወልዶ ብሩስን ጫማህን አውልቅ ካለበት ነገር ጋር አንድ ዘር ነው። የቦታውን ሥርዓት ለእንግዳ አስቀድሞ መንገር የመሪ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ወልዶ ይህን አልዘነጋም ነበር። አንዳንዶች ጾሙ ይቅርና ቲኬት ይቆረጥ፣ መዋኛም ይሠራ፣ ለወረዳው ገቢ ይሆናል ሲሉ ሰምተናል። ገቢው ያስፈልጋል፤ መንገዱም፣ መጸዳጃውም። መዋኛውን ግን በሌላ ወንዝ ዳር ይሥሩት።

በወንዙ ወዲያ ጫፍ፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ስለ ዐባይ የሚነገረው ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። የግድቡ ታሪክ ከሚያዘው ካሴትና ፋይል ብዛት የተነሣ የሚጠፋ አይመስለንም። የሚያሰጋን የላይኛው ጫፍ ነው። የግሽ ጠባቂዎች ከማን እንደ ተረከቡ፣ የአገዎቹ መሥዋዕት መቼ እንደ ቀረ፣ ክፍለ ዐባይ የሚባለው ሹመት በየትኛው ቤተ ሰብ እንዳበቃ የሚናገሩ ሽማግሎች ካሉ፣ የሚገኙት ሰከላ እንጂ ለንደን አይደለም።

ስለዚህ በየዶርሙ ያላችሁ የሰከላ፣ የጢሊሊ፣ የባንጃ፣ የቋሪትና የእነብሴ ልጆች ለዕረፍት ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁልን። ከወልዶ ዘር ነኝ የሚል ቢገኝ እሰየው፤ ባይገኝም ምንጩን ያረፈበት፣ እንግዳ ያሳደረ፣ መንገድ የመራ ማን ማን እንደ ነበር በስም ጻፉት። የጠየቃችሁትን ሰው ስም፣ መንደሩንና የነገራችሁን ቀን ከላይ አድርጉ። በእጅ የተጻፈም ቢሆን እንቀበላለን፤ ስቴንስሉን እኛ እንመታዋለን።